ቁምነገሩ ቀዳዳው ላይ ነው፦ የሲሊከን ካርባይድና የሞተር እሳት ታሪክ

የወርክሾፕ ኮርስ የወሰደ የመካኒካል ልጅ ሁሉ ሁለቱን ሞላዎች ያስታውሳቸዋል። ግራጫው ለብረት ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ ለካርባይድ መቁረጫ። ካርባይዱን ግራጫው ላይ የሳለ ተማሪ ከቴክኒሺያናችን የሚደርስበትን ቁጣም የሚረሳ የለም። ያ አረንጓዴ ድንጋይ ከምን እንደተሠራ የጠየቅን ግን ብዙ አልነበርንም። ሲሊከን ካርባይድ ነው፤ የአሸዋና የከሰል ልጅ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይኸው ድንጋይ ከሞላነት ተነስቶ እንዴት እሳት ውስጥ እንደገባ፣ ከዚያም እንዴት በማተሚያ መሣሪያ እየታተመ መሠራት እንደጀመረ ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት እንዲሁ አይደለም። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ከመምህራን ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። «የቃጠሎ ትምህርት ከእንግዲህ ለማን ነው? የሞተር ላቦራቶሪው ይዘጋና ቦታው ለሌላ ይዋል» የሚሉ አሉ። «እንዴት ተብሎ!» የሚሉም አሉ። በሁለቱም ወገን የማከብራቸው ወዳጆች አሉኝ። እኔ የራሴን አስተያየት መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በቅድሚያ ግን ታሪኩን እንይ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አልማዝ ፍለጋ የወጣ ሰው

ኤድዋርድ አቺሰን አሜሪካዊ ነው፤ በወጣትነቱ ቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ተቀጥሮ ሠርቷል። በ1891 በፔንሲልቬኒያ፣ ሞኖንጋሂላ በምትባል ከተማ ሰው ሠራሽ አልማዝ ለመሥራት ይሞክር ነበር። የብረት ጎድጓዳ ሳህን ወሰደ፤ ሸክላ አፈርና የተፈጨ ኮክ ከሰል ቀላቅሎ ሞላበት፤ የካርቦን ዘንግ ሰካበትና ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለቀቀበት። ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች አገኘ። በመስታወት ላይ ሲያስኬዳቸው ቆረጡት። አልማዝ አልነበሩም።

አቺሰን የካርቦንና የኮረንደም ውህድ ያገኘ መስሎት «ካርቦረንደም» ብሎ ሰየመው። ኮረንደም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ማዕድን ነው፤ በቅንጣቶቹ ውስጥ ግን የነበረው ሲሊከንና ካርቦን ነው። ስሙ የተሳሳተ ቢሆንም እንደተሳሳተ ጸና፤ ኩባንያም ተመሠረተበት። የባለቤትነት መብቱ በየካቲት 1893 ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የከበረ ድንጋይ የሚያለሰልሱ ሰዎች ነበሩ። ሥራው ሲሰፋ የኤሌክትሪክ ጥማቱ አየለና በ1895 ፋብሪካው ወደ ናያጋራ ፏፏቴ ተዛወረ፤ ከፏፏቴው ኃይል ቀደምት ትላልቅ ገዢዎች አንዱ ሆነ። አሸዋና ኮክ በግራፋይት እምብርት ዙሪያ ተከምሮ፣ በእምብርቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተላከ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጋገራል። የዛሬው ምርት አብዛኛው የሚወጣው ከዚሁ ዓይነት ምድጃ ነው።

በተፈጥሮ ይህ ነገር እጅግ ብርቅ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሞይሳን በ1893 ከአሪዞና፣ ካንየን ዲያብሎ የመጣ የሜትዮራይት ድንጋይ ሲመረምር ነበር ያገኘው፤ ማዕድኑም በስሙ ሞይሳናይት ተባለ። ከሰማይ የወደቀውን በአሸዋና በከሰል መሥራት መቻል መቼም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሥራው መሳልና መፋቅ ብቻ ሆኖ ቆየ፦ ሞላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የመሳሰለው። በጥንካሬው ከአልማዝ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ «ሌላውን የሚበላ ድንጋይ» ተብሎ ተመደበ። ሌሎች ጠባዮቹን ልብ ያላቸው ዘግይቶ ነው። በተራ የአየር ግፊት አይቀልጥም፤ እጅግ ሲግል ይበታተናል እንጂ። ሙቀትን እንደ ብረት ያስተላልፋል። ሲግል የሚለጠጠው ከአሉሚና ግማሽ ያህል ብቻ በመሆኑ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቶሎ አይሰነጥቀውም። በኦክስጅን ውስጥ ሲግል ደግሞ ላዩ ላይ ስስ የሲሊካ ቆዳ አውጥቶ ራሱን ይሸፍናል።

እሳት በጠባብ በር አያልፍም

ሁለተኛው የታሪኩ ክር የሚጀምረው ከከሰል ጉድጓድ ነው። በግንቦት 1812 በሰሜን እንግሊዝ ፌሊንግ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ ጋዝ ፈንድቶ 92 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። የጉድጓድ ሠራተኛ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ማለት ደግሞ ክፍት ነበልባል ነው። በ1815 ሃምፍሪ ዴቪ መፍትሔ ይዞ መጣ፤ በዚያው ሰሞን ጆርጅ ስቲቨንሰንም ለብቻው ተመሳሳይ መብራት ሠርቷል። የዴቪ ሐሳብ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፦ ነበልባሉን በቀጭን የብረት ወንፊት ክበበው። አየርና ጋዝ በወንፊቱ ይገባሉ፤ ነበልባሉ ግን አይወጣም። ምክንያቱም በጠባብ ቀዳዳ ሊያልፍ ሲሞክር ዙሪያውን ያለው ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል፤ ሙቀቱን የተነጠቀ ነበልባል ደግሞ ይሞታል።

ዴቪ በዚህ አላበቃም። በ1817 የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ጋዝና አየር ውስጥ ቢያስገባ ነበልባል ሳይታይ ሽቦው እንደ ፍም ሲያበራ አየ። ሁለቱን ግኝቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ቀዝቃዛና ጠባብ ቀዳዳ እሳትን ይገድላል። የጋለ ጠጣር አካል ደግሞ እሳትን ያኖራል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ቦን የሚባል ፕሮፌሰር ጋዝና አየር ቀላቅሎ ባለ ቀዳዳ የሸክላ ሰሌዳ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። ሰሌዳው ያለ ነበልባል ይፋጃል፤ ሙቀቱንም በጨረር ይለቃል። «የገጽ ላይ ቃጠሎ» ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ ግን ያን ሁሉ ሙቀት ለዓመታት የሚችሉ አልነበሩም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አቺሰን ሙቀቱን የሚችለውን ነገር ሠርቶ ሞላ አድርጎታል፤ ቦን ደግሞ ሙቀቱን የሚችል ነገር ይፈልጋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን፣ በሁለት አህጉር ላይ ተቀምጠው አልተገናኙም።

ሙቀትን መበደር

ሐሳቡን እንደ ሳይንስ ያቆመው ፌሊክስ ዋይንበርግ ነው። በ1928 በቼኮዝሎቫኪያ ተወለደ። ልጅ ሳለ በናዚ ካምፖች፣ በአውሽዊትዝና በቡከንቫልድ ጭምር፣ አለፈ፤ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን አጣ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ መጥቶ ተማረ፤ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅም የቃጠሎ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። ሰዎች እሳትን ለምን ዓላማ እንደተጠቀሙበት ያየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እሳት ንጹሕና ቆጣቢ የሚሆንበትን መንገድ ማጥናቱን ሳስብ ዝም እላለሁ።

ዋይንበርግ በ1971 ኔቸር ላይ ያቀረበው ነጥብ ይህ ነው። ከእሳት የሚወጣው ትኩስ ጭስ ሙቀቱን ይዞ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ያንን ሙቀት ገና ሊቃጠል ለሚገባው ቀዝቃዛ ጋዝ ብናበድረውስ? ጭሱን ከአዲሱ ጋዝ ጋር ሳንቀላቅል፣ ሙቀቱን ብቻ። ያኔ ነበልባሉ ከራሱ ነዳጅ ብቻ ሊያገኝ ከሚችለው በላይ ይሞቃል፤ ብቻውን ፈጽሞ የማይቀጣጠል ቀጭን ድብልቅም መቃጠል ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ማቃጠያ ተሠራ፦ ገቢው ጋዝና ወጪው ጭስ በስስ ግድግዳ ተለያይተው ጎን ለጎን ይጠመዘዛሉ፤ እሳቱ መሐል ላይ ነው።

በ1979 ጃፓኖቹ ታኬኖና ሳቶ ነገሩን አቀለሉት። ውጫዊ ጥቅልል ምን ያደርጋል? ሙቀት የሚያስተላልፍ ባለ ቀዳዳ ጠጣር እዚያው ነበልባሉ ውስጥ ብታስገቡት ሥራውን ራሱ ይሠራል። ከእሳቱ በኋላ ያለው ክፍል ይግላል፤ ሙቀቱ በጠጣሩ አካልና በጨረር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ገቢውን ጋዝ ያሞቃል። ወረፋ ላይ የቆሙ ሰዎች ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ኋላ እንደሚቀባበሉት ማለት ነው፤ ወረፋው ወደፊት ይሄዳል፣ ዕቃው ግን ወደ ኋላ ይመጣል።

የቀረው «ቀዳዳው ስንት ይሁን?» የሚለው ነው። በ1991 ባብኪንና የኖቮሲቢርስክ ባልደረቦቹ ቁጥር ሰጡ። የነበልባሉን ፍጥነት በቀዳዳው ስፋት አባዝታችሁ ለጋዙ ሙቀት የማሰራጨት አቅም ስታካፍሉ የፔክሌ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከ65 ገደማ በታች ከሆነ ነበልባሉ ይጠፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ያልፋል። የዴቪ ወንፊት ከ176 ዓመት በኋላ የሂሳብ ስም አገኘ ብትሉ አልተሳሳታችሁም። በጀርመን ኤርላንገን ፍራንዝ ዱርስትና ዲሞስቴኒስ ትሪሚስ ይህንን ይዘው በ1990ዎቹ ባለ ሁለት ክፍል ማቃጠያ ሠሩ፦ መጀመሪያ እሳት የማያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ እሳት የሚኖርበት ሰፊ ቀዳዳ። እሳቱ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ወደፊትም አይሸሽም።

ዓይን ያለው ሴራሚክ

ሰፊው ቀዳዳ ያለበት ክፍል ከምን ይሠራ? እዚህ ላይ ነው አረንጓዴው ድንጋይ የተመለሰው።

ለዚህ መንገዱን የጠረገው የካንዴላ ሰው ነው። ካርል ሽዋርትዝዋልደር የጄኔራል ሞተርስ የካንዴላ ፋብሪካ የሴራሚክ ባለሙያ ነበር። በ1963 ከሶመርስ ጋር የባለቤትነት መብት ያገኙበት ዘዴ ማንም ቤቱ ሊገባው የሚችል ነው። ስፖንጅ ውሰድ። በሴራሚክ ዱቄት ሊጥ ውስጥ ንከረው። ጨምቀህ አውጣው፤ ዘንጎቹ ላይ ሊጡ ይቀራል፣ ዓይኖቹ ክፍት ይሆናሉ። አድርቀው፣ አቃጥለው። ስፖንጁ ይነዳል፤ የሚቀረው የስፖንጁ ቅርጽ ያለው ሴራሚክ ነው። የኛ እናቶች እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እንደሚደሰቱት፣ የብረት ቀላጮችም በዚህ ተደሰቱ፤ የቀለጠ ብረት ከመፍሰሱ በፊት የሚጣራበት ወንፊት ሆነላቸው። የማቃጠያ ሰዎች ደግሞ የሲሊከን ካርባይድ ስፖንጅ እስከ ጫፉ ሲግል እንደ ፍም እንደሚያበራ፣ ሙቀቱንም እንደሚችል አዩ።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ተሻገሩ። የናፍጣ ሞተርን ችግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኖዝሉ ናፍጣውን ይረጨዋል፤ ከጭጋጉ መሐል አየር ያጠረው ክፍል ጥቀርሻ ይሆናል፤ ከጭጋጉ ዳር በጣም የጋለው ክፍል ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጥራል። ዜልዶቪች ያጠናው ሂደት ከ1,500 ዲግሪ ገደማ በላይ በፍጥነት ይባባሳል። አንዱን ስትቀንስ ሌላው ይጨምራል። ዱርስትና ሚሮስላቭ ቬክላስ በ2001 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ማሰሪያ ለመቁረጥ ነበር። የሲሊከን ካርባይድ ስፖንጅ ቴስታታው ላይ፣ ወይም ፒስተኑ አናት ላይ ይቀመጥ። ፒስተኑ አየሩን ወደ ስፖንጁ ይጨምቃል፤ ኖዝሉ ናፍጣውን ስፖንጁ ውስጥ ይረጫል። የጋሉት ግድግዳዎች ጠብታውን ወዲያው ያተኑታል፤ ዓይኖቹ ከአየር ጋር ያማቱታል፤ እሳቱም በአንድ ነጥብ ሳይሆን በሁሉም ዓይን ውስጥ ባንዴ ይነሳል። ትርፍ ሙቀቱን ጠጣሩ ይወስደዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ለአዲሱ አየር ይመልሰዋል። የዋይንበርግ ብድር በሲሊንደር ውስጥ ማለት ነው።

በሙከራ ቤት ሠራ። ለሽያጭ በሚመረት መኪና ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ምክንያቶቹን ለተማሪ ስናስረዳ እንደ ፈተና ጥያቄ ባንቆጥራቸው ጥሩ ነው፤ የእውነት እንቅፋቶች ናቸውና። አንደኛ፣ ዓይኖቹ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ከመጨመቂያው ቦታ ላይ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ አየር በጠባብ መንገድ ሲገባና ሲወጣ ጉልበት ይባክናል። ሦስተኛ፣ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ስፖንጁ ገና አልጋለም። አራተኛው ደግሞ የሚያሳዝነው ነው። ስፖንጁ ሲነድ እያንዳንዱ ዘንግ ውስጡ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል፤ ማዕዘኑ ሹል ነው፤ ጥቃቅን ስንጥቅም ይይዛል። ሞተር ደግሞ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚመታ መዶሻ ነው። አንድ ዘንግ ተሰብሮ ፒስተኑና ሲሊንደሩ መሐል ቢገባ ምን ይሆናል? ያው የሞላ ድንጋይ እኮ ነው። ሲሊንደሩን ይፈጨዋል።

የተሳካው መንገድ

በሞተሩ ውስጥ ያልተሳካለት ሲሊከን ካርባይድ በጭስ ማውጫው በኩል ገባ። በ2000 ፔዦ 607 የተባለውን መኪና የጥቀርሻ ማጣሪያ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። ማጣሪያው የንብ እንጀራ የሚመስል የሲሊከን ካርባይድ ጡብ ነው። ቀጫጭን ቱቦዎቹ አንዱ በፊት፣ ቀጣዩ በኋላ በኩል ተደፍነዋል፤ ስለዚህ ጭሱ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል። ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል። ሲጠራቀም በሙቀት ይቃጠላል። ይህ ቃጠሎ ከቁጥጥር ከወጣ ሌላው ሴራሚክ ሊቀልጥ ይችላል፤ ሲሊከን ካርባይድ ግን ይቋቋማል። አንድ ወጥ ጡብ በሙቀት እንዳይሰነጠቅም በትናንሽ ብሎኮች ተሠርቶ በማጣበቂያ ይገጣጠማል። አውሮፓ ከ2009 ጀምሮ ያጠበቀችው ደንብ ማጣሪያውን ለናፍጣ መኪኖች ግዴታ ያህል አደረገው።

ከዓመታት በፊት ሰፈራችን ያለ አንድ መካኒክ ከአንድ ናፍጣ መኪና ማርሚታውን ፈትቶ ይህንን ማጣሪያ ቆርጦ ሲያወጣ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ይቺ ድንጋይ እኮ ናት መኪናውን አላስተነፍስ ያለችው» አለኝ። በራሱ ሒሳብ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ በትራፊክ መጨናነቅ የሚንፏቀቅ መኪና ጥቀርሻውን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ጉልበት ይጠፋል። ድንጋዩን ለምኜው ወሰድኩ። እስካሁን እንግዳ መምህር ሆኜ ስመጣ ለተማሪዎች የማሳየው እሱን ነው። ቀዳዳውን ያልተረዳ ሰው እጅ ላይ የወደቀ ማጣሪያ ድንጋይ ነው፤ ከመኪናው ኋላ የሚሄደው ሕፃን ደግሞ ጥቀርሻውን ይተነፍሳል።

ማተም

አሁን ወደ ማተሙ እንምጣ። ቻክ ሃል በ1986 በብርሃን የሚጠጥር ፈሳሽ በንብርብር እያጠጠረ ቅርጽ የሚሠራበትን ዘዴ የባለቤትነት መብት አገኘበት። በኤም አይ ቲ ደግሞ ኢማኑኤል ሳክስ፣ ማይክል ሲማና ባልደረቦቻቸው በ1989 ሌላ ማመልከቻ አስገቡ፤ በ1993 ጸደቀ። ስስ የዱቄት ንጣፍ ይዘረጋል፤ ልክ እንደ ቢሮ ማተሚያ ቀለም የሚረጭ ራስ በቀለም ምትክ ሙጫ ይረጭበታል፤ ሌላ ንጣፍ ይከተላል። «ባለ ሦስት አውታር ማተም» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ የኤም አይ ቲዎቹ ከመጀመሪያው ያሰቡት ለሴራሚክ ጭምር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እነ ጆሴፍ ሴዛራኖ ሦስተኛ መንገድ ጨመሩ፦ ወፍራም የሴራሚክ ሊጥ ኬክ ላይ በክሬም እንደሚጻፈው በቀጭን አፍንጫ እያወጡ መደርደር።

ሲሊከን ካርባይድ ግን ለማተም አስቸጋሪ ልጅ ነው። በብርሃን ለማጠጠር ስትሞክሩ ዱቄቱ ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ያልዋጠውንም ይበታትነዋል፤ ጨረሩ ጥልቅ አይገባም። በሙጫ ከታተመ በኋላም ማጋገሩ ቀላል አይደለም። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ስቫንቴ ፕሮቻዝካ በ1970ዎቹ ጥቂት ቦሮንና ካርቦን ቢጨመር ዱቄቱ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ያለ ግፊት እንደሚጣበቅ አሳይቷል፤ ነገር ግን ቅርጹ በጣም ይኮማተራል። ለታተመ ቅርጽ የሚመቸው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ሌላ መንገድ ነው። ዱቄቱ ካርቦን ተጨምሮበት ይቀረጻል፤ ከዚያ በ1,414 ዲግሪ የሚቀልጥ ሲሊከን ይቀርብለታል። ፈሳሹ ኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣ ጋዝ በራሱ ተስቦ ይገባና ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ አዲስ ሲሊከን ካርባይድ ይሆናል። ቅርጹ አይኮማተርም ማለት ይቻላል። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ሳይዋሃድ የቀረ ሲሊከን ውስጡ ስላለ፣ ከ1,400 ዲግሪ ገደማ በላይ አታምኑትም።

በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ያሉ የደቡብ ስዊዘርላንድ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሽዋርትዝዋልደርን ዘዴ ከማተም ጋር አጋቡት። በስፖንጅ ፋንታ የፕላስቲክ መዋቅር ታትሞ በሴራሚክ ሊጥ ይለበሳል፤ ከዚያ ሲሊከን ይጠጣል። ውጤቱ ለማቃጠያ የተሠራ፣ እያንዳንዱ ዘንጉ በሒሳብ የተቀመጠ ሲሊከን ካርባይድ ነው። በካሊፎርኒያ ማሊቡ የኤች አር ኤል ላቦራቶሪ ሰዎች ደግሞ በ2016 ሳይንስ ላይ ባወጡት ሥራ የብርሃኑን ችግር ከሥሩ አለፉት። ዱቄቱን ትተው ሲጋገር ወደ ሴራሚክ የሚለወጥ ግልጽ ሙጫ አተሙ። የወጣው የሲሊከን ካርባይድ የቅርብ ዘመድ፣ ሲሊከን ኦክሲካርባይድ ነው፤ 1,700 ዲግሪም ተቋቁሟል። ሙጫን ጋግሮ ሴራሚክ የማድረጉ ጥበብ በ1975 በጃፓን ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሴይሺ ያጂማ የሲሊከን ካርባይድ ክር ከሠራበት ጊዜ የመጣ ነው። የዚያ ክር ልጆች ዛሬ ከ2016 ጀምሮ በሚበረው ሊፕ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር ተርባይን ዙሪያ ተቀምጠዋል።

ማተም የሰጠን ትልቁ ነገር ፍጥነት አይመስለኝም። ስፖንጅ እንደ እንጀራ ነው፤ ዓይኑ የት እንደሚወጣ ሊጡ ነው የሚወስነው። ሲታተም ግን እያንዳንዱን ዓይን እኛ እናስቀምጠዋለን። ከመግቢያው ጠባብ፣ እየገባ ሲሄድ ቀስ በቀስ ሰፊ ማድረግ ይቻላል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዲህ ቀስ እያለ የሚሰፋ ቀዳዳ እሳቱ ጸንቶ የሚቆምበትን ክልል እንደሚያሰፋ አሳይተዋል። ሹል ማዕዘንና ባዶ ዘንግም ግዴታ አይደለም። በ1970 አለን ሾን የናሳ ባልደረባ ሳለ ጋይሮይድ የሚባል ቅርጽ አቀረበ፦ ማዕዘን የሌለው፣ ቦታን እርስ በርስ በተጠላለፉ ሁለት ዋሻዎች የሚከፍል ጠማማ ገጽ። ያን ጊዜ በሴራሚክ የሚሠራው አልነበረም። ዛሬ ይታተማል። ጭነቱን በገጹ ሁሉ ስለሚያከፋፍል፣ የ2001ዱን ሞተር ስፖንጅ ያስቸገረው ስብራት በዚህ መንገድ ሊቃለል ይችላል።

እንቅፋቱ አላለቀም። እሳት በነደደ ቁጥር የውሃ እንፋሎት ይፈጠራል፤ የጋለ እንፋሎት ደግሞ ያንን ጠባቂ የሲሊካ ቆዳ ቀስ እያለ ወደ ተናኝ ነገር ለውጦ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የአውሮፕላን ሞተሩ ክፍሎች ተጨማሪ ሽፋን የሚለብሱት። በጠባብ ዓይን ውስጥ እንዲህ ያለ ሽፋን እንዴት ይቀባል? ይህ የዛሬ ጥያቄ ነው፤ የእናንተ ተማሪዎችም ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ላቦራቶሪው

ይዘጋ የሚሉት ወዳጆቼ የያዙት ነጥብ ባዶ አይደለም። የቤት መኪና ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፤ ይሂድ፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣውን ጭነት ዛሬም የሚጎትተው ናፍጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ሆስፒታል የሚያበራው ጄኔሬተር ናፍጣ ነው። ትራክተሩም፣ ዶዘሩም ናፍጣ ነው። እነዚህ ነገ አይጠፉም፤ ጭሳቸውን የሚተነፍሱት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው። ከገጠር ባዮጋዝና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ደካማ ጋዝም አለ። በተራ ማቃጠያ እምቢ የሚል ቀጭን ድብልቅ ማለት ዋይንበርግ በ1971 ያሰበው ዓይነት ነው። በኤሌክትሪክ መኪናውም ውስጥ ቢሆን ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቀይሩት አዳዲስ ቺፖች ከምን የተሠሩ ይመስላችኋል? ከሲሊከን ካርባይድ። ድንጋዩ በሁለቱም መንገድ ይከተለናል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ቁሱ ከ1891 ጀምሮ ነበረ። የሙቀት ብድሩ ሐሳብ ከ1971 ጀምሮ ነበረ። ቅርጹ ከ1970፣ ማተሚያው ከ1989 ጀምሮ ነበረ። ሁሉም የየራሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሌላውን ሲጠብቅ ኖረ። የሴራሚክ ሰው እሳት አያውቅም፤ የእሳት ሰው ሊጥ አያውቅም፤ የሒሳብ ሰው ሁለቱንም አልጠየቀም። የኛ ክፍሎችም በግድግዳ ተለያይተው ነው ያሉት። የቃጠሎ ላቦራቶሪውን ስንዘጋ ከአራቱ አንዱን እግር እንቆርጣለን፤ ባለበት ብንተወው ደግሞ ብቻውን ይዝጋል።

ስለዚህ ለመገናኛ በዓሉ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ባለ አንድ ሲሊንደሩ የሙከራ ሞተር ውሳኔ እስኪሰጥ ለቁራሌው እንዳይሸጥ። ሁለተኛ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች በሚሰበሰበው መዋጮ 1,500 ዲግሪ የሚደርስ አንድ ምድጃ ይገዛ፤ ማተሚያው ኋላ ይደርሳል፤ በስፖንጅና በሊጥ መጀመር ይቻላል። ሦስተኛ፣ የመካኒካል፣ የኬሚካልና የማቴሪያል ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክታቸውን በጋራ የሚሠሩበት አንድ ጠረጴዛ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ይቀመጥ። የመዋጮው ቅጽ ከዚህ መጽሔት ጋር ደርሷችኋል፤ እኔ የድርሻዬን ሞልቼ ለገንዘብ ያዡ አስረክቤያለሁ። እናንተም በስብሰባው ቀን ይዛችሁት ብትመጡ፣ ስለ ዓይኑና ስለ ሊጡ ቡና እየጠጣን እንከራከራለን።